የዕፅዋትን ክሮማቲን ለማጥናት የትኛው ዘዴ? ቺፕ፣ ካት-ኤንድ-ታግ፣ አታክ ወይስ ሜቲሌሽን

«ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ሙከራ ነው። ድርቅ የሚችልና የማይችል ሁለት የጤፍ ዝርያ አለኝ፤ ልዩነታቸውን በክሮማቲን በኩል ማየት እፈልጋለሁ። ቺፕ ልሥራ፣ አታክ ልሥራ፣ ወይስ ሜቲሌሽን?»

ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን የሚሠሩ ልጆች ይህን ጥያቄ በተለያየ ቃል ደጋግመው ይጠይቁኛል። ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። ዘዴዎቹ ሁሉ መጨረሻቸው የሲክዌንሲንግ ማሽን ነው፤ ውጤታቸውም ስክሪን ላይ ሲታይ ኮረብታና ሜዳ የሚመስል አንድ ዓይነት ሥዕል ነው። የሚለኩት ነገር ግን ለየቅል ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የሠራ ሰው ዓመት ሙሉ ለፍቶ ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካውን ነገር እንይ። በአንድ የዳቦ ስንዴ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ ከ10 ሜትር ይበልጣል፤ የተቀመጠው ግን ያለ ማይክሮስኮፕ በማይታይ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ፈትል በቀሰም ላይ እንደሚጠቀለል ሁሉ 147 የዲኤንኤ ፊደላት በስምንት የሂስቶን ፕሮቲኖች ጥቅል ላይ ከአንድ ዙር ተኩል ትንሽ በለጥ ብለው ይዞራሉ። ይህ ኑክሊዮሶም ይባላል፤ ዲኤንኤውና ፕሮቲኖቹ አንድ ላይ ደግሞ ክሮማቲን ይባላሉ። ቀሰሞቹ ተጠጋግተው በተደረደሩበት ቦታ ጂን ለማንበብ የሚመጡ ፕሮቲኖች መግቢያ ያጣሉ፤ በተራራቁበት ደግሞ ይገባሉ። ከዚያ በላይ በሂስቶኖቹ ጭራ ላይ እንደ ሜቲልና አሴቲል ያሉ ኬሚካላዊ ምልክቶች ይለጠፋሉ። ከዲኤንኤው ፊደላት በሲ ላይም ሜቲል ይለጠፋል። እንግዲህ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ ማለት ነው፦ ቦታው ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ሂስቶኑ ላይ ምን ተለጥፏል? ዲኤንኤው ላይስ? አታክ ለመጀመሪያው፣ ቺፕና ካት-ኤንድ-ታግ ለሁለተኛው፣ የሜቲሌሽን ንባብ ለሦስተኛው መልስ ይሰጣሉ።

(ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ኢትዮጵያዊውን ስጠቀም እናገራለሁ።)

ሁለት አበቦች፣ ሁለት መልስ

ምርጫው ለምን እንደሚያሳስበኝ ሁለት ታሪክ ያስረዳል።

የመጀመሪያው ተመራማሪዎች ለሙከራ የሚያዘወትሯት ትንሽ ተክል፣ የአራቢዶፕሲስ፣ ነው። የክረምት ብርድ ያላለፈባቸው የዚህ ተክል ዓይነቶች በጊዜ አያብቡም፤ ኤፍኤልሲ የተባለ ጂን ማበብን ይከለክላልና። ተክሉ ለሳምንታት ብርድ ሲያገኝ ቪን3 የተባለ ፕሮቲን ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፤ ፖሊኮም የሚባለው የፕሮቲን ማኅበርም ኤፍኤልሲ መነሻ አካባቢ በምትገኝ ትንሽ ቦታ ላይ ኤች3ኬ27ሜ3 የተባለውን ምልክት ይተክላል። ይኸውም ኤች3 በተባለው ሂስቶን 27ኛ ላይሲን ላይ ሦስት ሜቲል ሲለጠፍ ነው። ሙቀት ሲመለስ ምልክቱ ጂኑን በሙሉ ያዳርሳል፣ ጂኑም ዝም ይላል። ተክሉ ክረምቱን ማሳለፉን በዚህ ያስታውሳል ማለት ነው። ዘሩ ሲፈጠር ትዝታው ይጠፋና አዲሱ ትውልድ ከዜሮ ይጀምራል። በእንግሊዝ ኖሪች በሚገኘው የጆን ኢነስ ማዕከል የካሮላይን ዲን ቡድን፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ደግሞ የሪቻርድ አማሲኖ ቡድን ይህን ለብዙ ዓመታት ፈትፍተውታል። ከእነርሱ በፊት ትዝታውን የሚይዘው የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ነው የሚል ግምት ነበር። በዚያ ግምት ብቻ ሄዶ ኤፍኤልሲ ላይ ሜቲሌሽን ሲፈልግ የሚከርም ሰው ዋናው ነገር ያመልጠዋል፤ ታሪኩ ያለው ሂስቶኑ ላይ ነውና።

ሁለተኛው የሊናሪያ አበባ ነው። የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስ በ1740ዎቹ የዚህን ተክል አንድ እንግዳ ዓይነት ገልጾ ነበር። የተለመደው አበባ ግራና ቀኙ ብቻ የሚመሳሰል ሲሆን ይህኛው ግን በየአቅጣጫው እኩል ነው። ምክንያቱ የታወቀው በ1999 ነው። የአበባውን ቅርጽ የሚወስነው ኤልሳይክ የተባለው ጂን ዲኤንኤው ላይ ብዙ ሜቲል ተለጥፎበት ዝም ብሎ ነበር። እዚህ ታሪኩ ያለው ዲኤንኤው ላይ ነው።

ሁለቱም ጉዳይ «ጂኑ ዝም አለ» ተብሎ ይጠቃለላል፤ ዝም ያለበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። አንድ ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት በእጃችሁ ያለው ነገር የትኛውን እንደሚመስል ገምቱ። በአንድ ተክል ዕድሜ ውስጥ በአካባቢ ለውጥ የሚመጣና በዘር የሚታደስ ከሆነ ሂስቶኑን ጠርጥሩ። ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ፣ ወይም ከዘላይ ጂኖች (በጂኖሙ ውስጥ ከቦታ ቦታ ከሚዘሉ የዲኤንኤ ቁራጮች) ጋር የተያያዘ ከሆነ ዲኤንኤ ሜቲሌሽንን ጠርጥሩ። ግምት ነው፣ ይሳሳታል፤ ያለ ግምት ከመጀመር ግን ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ቅጠሉ

የዘዴ ንጽጽር ሠንጠረዦች ስለ ኪት ዋጋና ስለ ንባብ ብዛት ብዙ ያወራሉ። በእኔ ልምድ በዕፅዋት ላይ ብዙውን ሙከራ የሚገድለው ሌላ ነገር ነው፤ ንጹሕ ኒውክለስ አለማግኘት። የእንስሳ ሕዋስ ላይ የሚሠራ ባልደረባችሁ ይህን ችግር አያውቀውም። እኛ ግን የሕዋስ ግድግዳ፣ ክሎሮፕላስት፣ ስታርች፣ ሰምና ፖሊፌኖል አለብን።

አንድ ጊዜ የቡና ቅጠል ላይ ስሠራ ኒውክለሶቹ ቱቦው ግርጌ ላይ ቡናማ ጭቃ ሆነው ይወርዱ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንቲቦዲ (የሚፈለገውን ምልክት ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ቀየርኩ፣ የሶኒኬሽን (ክሮማቲኑን በድምፅ ሞገድ የመሰባበር) ጊዜ ቀየርኩ፣ ባፈር ቀየርኩ። ጥፋቱ ቅጠሉ ነበር፤ የበሰለና ጠንካራ፣ ፖሊፌኖሉ የበዛ። ገና የተገለጠውን ለጋ ቅጠል ስወስድ፣ ባፈሩ ላይ ፒቪፒና መርካፕቶኤታኖል ስጨምር፣ ሁሉንም በበረዶ ላይ ስሠራ ችግሩ በአንድ ሳምንት ተፈታ። እንሰትም በዚህ ከቡና አይተናነስም። እንደ ጤፍ፣ ገብስና ማሽላ ያሉ የሣር ወገኖች ለጋ ቡቃያ በንጽጽር ገር ነው።

ስለዚህ ምንም ኪት ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ሳምንት ለኒውክለስ ስጡ። ለዩት፣ በዳፒ ቀለም አቅልሙት፣ በማይክሮስኮፕ እዩት፣ ቁጠሩት። ድቡልቡልና ያልተሰባበረ ኒውክለስ በበቂ ቁጥር ካገኛችሁ ሁሉም ዘዴ ክፍት ነው። ካላገኛችሁ ምርጫችሁ ይጠባል፤ ካት-ኤንድ-ታግና አታክ ሊከብዷችሁ ነው፣ ሜቲሌሽን ግን ይቀራችኋል።

ቺፕ ወይስ ካት-ኤንድ-ታግ?

ሁለቱም የሂስቶን ምልክት የት እንዳለ በአንቲቦዲ ይፈልጋሉ። መንገዳቸው ለየብቻ ነው።

በቺፕ ቅጠሉ 1 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ውስጥ ገብቶ በቫክዩም እየተሳበ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ፕሮቲኑና ዲኤንኤው ባሉበት ይጣበቃሉ። ግላይሲን ጨምረን ማጣበቁን እናቆማለን። ከዚያ ክሮማቲኑ በድምፅ ሞገድ ከ200 እስከ 500 ፊደል ወደሚሆን ቁራጭ ይሰባበራል፤ አንቲቦዲው የሚፈልገውን ይይዛል፣ የተያዘው ይነበባል። በተለምዶ አንድ ሁለት ግራም ቅጠል ይፈልጋል። አድካሚ ነው። ማጣበቂያው ሲያንስ ምልክቱ ይጠፋል፣ ሲበዛ ክሮማቲኑ እንቢ ብሎ አይሰበርም። ለእያንዳንዱ ተክልና ለእያንዳንዱ ዕድሜ እንደገና መለካት አለበት።

በ2019 ከሲያትል የወጣው ካት-ኤንድ-ታግ ማጣበቅንም ሶኒኬሽንንም ተወ። አንቲቦዲው በኒውክለሱ ውስጥ ምልክቱ ላይ ይቀመጣል፤ ቲኤን5 የተባለ ኢንዛይም በአንቲቦዲው ላይ ተንጠልጥሎ እዚያው አጠገቡ ያለውን ዲኤንኤ ቆርጦ የማንበቢያውን ጫፍ ይለጥፍበታል። የሚፈልገው ናሙና በጣም ትንሽ ነው። አላስፈላጊው ጫጫታ ስለሚያንስ የቺፕን ያህል ንባብ አይጠይቅም፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ ገንዘብ ነው። በመጀመሪያው ፕሮቶኮል ኒውክለሱ በኮንካናቫሊን ኤ በተቀባ ማግኔታዊ ዶቃ ይያዛል፤ በዕፅዋት ላይ የሚሠሩ አንዳንድ ቡድኖች ዶቃውን ትተው በሴንትሪፊዩጅ ብቻ ያወርዱታል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ካት-ኤንድ-ታግን አይመርጥም? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ቲኤን5 በተፈጥሮው ክፍት ቦታ ይወዳል። በጨው የበረታ እጥበት ካልተገታ አንቲቦዲው ባልሄደበት ክፍት ፕሮሞተር (የጂኑ ንባብ የሚጀመርበት ቦታ) ላይም ይቆርጣል። ኤች3ኬ27ሜ3 የዝምታ ምልክት ነው፤ ሥራ በሚበዛባቸው ጂኖች ፕሮሞተር ላይ ሹል ኮረብታ ካሳያችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ኢንዛይሙ ያለ መሪ የቆረጠው ሊሆን ይችላል። ዓላማ የሌለው አንቲቦዲ የተጨመረበት ኮንትሮል ጎን ለጎን መሥራት ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የማሳ ሥራ ነው። ደብረ ዘይት ወይም ሆለታ ማሳ ላይ ቆማችሁ ናሙና ስትሰበስቡ ኒውክለስ ለመለየት ጊዜም በረዶም ላይኖር ይችላል። ለቺፕ ቅጠሉን እዚያው በፎርማልዲሃይድ አጣብቆ፣ አጥቦና አድርቆ በፈሳሽ ናይትሮጂን ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ከዚያ −80 ዲግሪ ላይ ይጠብቃችኋል። ይህን ትዕግሥት ካት-ኤንድ-ታግ የለውም።

ፍርዴን ልስጥ፦ ለታወቁ የሂስቶን ምልክቶች፣ ቤተ ሙከራው ግሪንሀውሱ አጠገብ ከሆነና ኒውክለሱ ንጹሕ ከሆነ ካት-ኤንድ-ታግ። ናሙናው ከማሳ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም ውጤታችሁን ከቀደሙት የብዙ ዓመታት መረጃዎች ጋር ጎን ለጎን ማቆም ካለባችሁ ቺፕ።

አንቲቦዲ ለዕፅዋት የለም ብላችሁ አትጨነቁ። ሂስቶን ኤች3 በዝግመተ ለውጥ ብዙም ስላልተቀየረ ለሰውና ለአይጥ የተሠሩት ብዙዎቹ በጤፍም በገብስም ይሠራሉ። ችግሩ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር (ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ጂን የሚያበራ ወይም የሚያጠፋ ፕሮቲን) ላይ ነው፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን የራሱ አንቲቦዲ ወይም መለያ የተለጠፈበት ትራንስጀኒክ ተክል ያስፈልጋል። በጤፍ ላይ የዘረመል ዝውውር ልምዱ እንደ ሩዝ አልዳበረም። ለዚህ ዳፕ-ሲክ መፍትሔ ይሆናል። ፕሮቲኑ በቱቦ ውስጥ ይመረትና ከተክሉ በወጣ እርቃን ዲኤንኤ ላይ የት እንደሚይዝ ይነበባል። በ2016 በአራቢዶፕሲስ 529 ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች በዚህ ተለክተዋል። ሜቲሉ እንዳለና ሜቲሉ ተወግዶ ከተነጻጸሩት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ሜቲል ያለበትንና የሌለበትን ዲኤንኤ ለይተው እንደሚያዩ የታየው እዚያ ነው። ቱቦው ውስጥ ኑክሊዮሶም ስለሌለ ግን መልሱ «መያዝ ይችላል» እንጂ «ይዟል» አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከልቤ ነው። ጥያቄያችሁ ስለ አንድ ወይም ስለ ሁለት ጂን ከሆነ ሲክዌንሲንግ አያስፈልጋችሁም። ቺፕ ሠርታችሁ ውጤቱን በፒሲአር (የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭን አባዝቶ በሚለካው ዘዴ) ለኩት። በ2004 ኤፍኤልሲ በብርድ ጊዜ የሂስቶን ምልክት እንደሚለወጥበት ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ያሳዩት በዚህ መንገድ ነው፤ የዛሬዎቹ ግዙፍ ማሽኖች ገና አልነበሩም። ምልክቱ መኖሩ የሚታወቅበት አንድ ጂን፣ አለመኖሩ የሚታወቅበት ሌላ ጂን፣ ጠቅላላው ኤች3 እና በአንቲቦዲ ያልተጎተተው ክሮማቲን ለማመሳከሪያ ይኑሯችሁ፤ በጥንቃቄ የተሠራ ከሆነ ማንም አይንቀውም።

አታክ፦ ፈጣኑና ክሎሮፕላስት የሚፈትነው

ጂኖቹን አስቀድማችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ «በድርቅ ጊዜ የትኞቹ መቆጣጠሪያ ቦታዎች ይከፈታሉ?» የሚል ሰፊ ጥያቄ ከያዛችሁ፣ የምመርጠው አታክን ነው። በ2013 ከስታንፎርድ የወጣ ዘዴ ነው። ያንኑ ቲኤን5 ያለ አንቲቦዲ ወደ ኒውክለሱ ትለቁታላችሁ፤ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ይቆርጣል። 50,000 ኒውክለስ ይበቃል፤ ከኒውክለስ እስከ ላይብረሪ (ለማሽኑ ንባብ የተዘጋጀ ዲኤንኤ) ሥራው ቢበዛ የአንድ ቀን ነው።

ክፍት ቦታዎች ከጠቅላላው ጂኖም አንፃር ትንሽ ናቸው፤ ክብደታቸው ግን ሌላ ነው። በ2016 በበቆሎ ላይ የወጣ ጥናት ክፍት ሆነው የተገኙት ቦታዎች ከጂኖሙ 1 በመቶ እንኳ ሳይሞሉ፣ በባሕርያት ላይ ከሚታየው የዘር ልዩነት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነውን እንደሚያስረዱ አሳይቷል። (ያ ጥናት የተጠቀመው አታክን ሳይሆን ኤምኤንኤዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።) ዘር የሚያሻሽል ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ዓይኑ ቢበራ አይደንቅም። ከሚሊዮን የዲኤንኤ ልዩነቶች መካከል የትኞቹ ላይ ጊዜ ማጥፋት እንዳለበት ይነግረዋልና።

ፈተናው ክሎሮፕላስት ነው። በአንድ የቅጠል ሕዋስ ውስጥ ከሺህ በላይ የክሎሮፕላስት ጂኖም ቅጂ ይኖራል፤ ኑክሊዮሶም ስለሌለበት ለቲኤን5 የተከፈተ በር ነው። ኒውክለሱ በደንብ ካልጠራ ከከፈላችሁበት ንባብ ከግማሽ በላይ ክሎሮፕላስት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ላይ ደርሷል። ትሪተን የተባለው ሳሙና በትክክለኛው መጠን የክሎሮፕላስትን ሽፋን ሲያፈርስ ኒውክለሱን ይተዋል። አቅም ካለ ኒውክለሶቹን በሶርተር (አንድ በአንድ በሚለይ ማሽን) መለየት ይሻላል። ከሥር መሥራትም ይረዳል፤ ለድርቅ ጥያቄ ደግሞ ሥር ራሱ ትክክለኛው ቦታ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ እንዲነጣ ተክሉን በጨለማ ማሳደግ የሚመክሩ አሉ። ለፕሮቶኮል መለማመጃ ይሁን፣ ለእውነተኛው ሙከራ ግን አልወደውም፤ ጨለማ ራሱ የሺዎችን ጂኖች ሥራ ይቀይራል።

ማወቅ ያለባችሁ ድንበሩን ነው። አታክ በሩ መከፈቱን ይነግራችኋል እንጂ ማን እንደገባ አይነግራችሁም። ዝግ ቦታ ለምን እንደተዘጋም አያውቅም። በፖሊኮም ይሁን በዲኤንኤ ሜቲሌሽን፣ ለእርሱ ሁለቱም ሜዳ ናቸው። ቲኤን5 የሚወዳቸው የፊደል ቅደም ተከተሎች ስላሉም እርቃን ዲኤንኤ ላይ የተሠራ ኮንትሮል ቢኖር ጥሩ ነው።

ሜቲሌሽን፦ ዲኤንኤ ብቻ ላላችሁ

የዚህ ዘዴ ትልቁ በጎ ነገር ኒውክለስ አለመጠየቁ ነው። ዲኤንኤ ካላችሁ በቂ ነው። ዲኤንኤ ይቀመጣል፣ ይጓዛል፤ ሌላ አገር ሄዶ ይነበባል። (ከኢትዮጵያ ናሙና ስትልኩ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ በእኛ አቆጣጠር፣ እንዳለ አትርሱ። ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር የሚሠራውን ወረቀት ከሙከራው ጋር ሳይሆን ከሙከራው በፊት ጀምሩት።)

በዕፅዋት ሜቲል በሦስት ዓይነት ሰፈር ይገኛል፦ ከሲ ቀጥሎ ጂ ሲመጣ፣ ከሲ በኋላ አንድ ሌላ ፊደል አልፎ ጂ ሲመጣ፣ እና ጂ በአጠገቡ ሳይኖር። የመጀመሪያውን በዋናነት ሜት1፣ ሁለተኛውን ሲኤምቲ3፣ ሦስተኛውን ዲአርኤም2 እና ሲኤምቲ2 የተባሉት ኢንዛይሞች ይጠብቋቸዋል። በአጥቢ እንስሳት የመጀመሪያው ዓይነት ስለሚበዛ ለሰው የተሠራ የመተንተኛ ሶፍትዌር ሌሎቹን ሁለቱን ዝም ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ማስተካከያውን ሳታዩ አትጫኑት።

ነባሩ መንገድ ከ1992 ጀምሮ ያለው ባይሰልፋይት ነው። ሜቲል የሌለበት ሲ ወደ ሌላ ፊደል ይቀየራል፣ ያለበት ይተርፋል። እዚህ ላይ በአታክ ያስመረረን ክሎሮፕላስት ይክሰናል፤ ዲኤንኤው በአብዛኛው ሜቲል ስለሌለበት ለውጡ ምን ያህል እንደተሳካ ራሱ መለኪያ ይሆናል። የባይሰልፋይት ጉዳቱ ዲኤንኤውን መሰባበሩ ነው። ያንኑ ለውጥ በኢንዛይም የሚሠራው አዲሱ መንገድ ዲኤንኤውን አይጎዳም፤ ትንሽ ናሙና ላላቸው የምመክረው እርሱን ነው።

ለጤፍ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። ጤፍ 40 ክሮሞሶም ያለው፣ የሁለት ጥንታዊ ዝርያዎችን ጂኖም አንድ ላይ የያዘ ተክል ነው። የጸደይ ዝርያ ጂኖም በ2014፣ የዳቢ ዝርያ ደግሞ በተሟላ ሁኔታ በ2020 ታትሟል፤ የዳቢው 622 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ነው። ሁለቱ ንዑስ ጂኖሞች ይመሳሰላሉ። አጭር ንባብ ከየትኛው እንደመጣ የሚለየን አልፎ አልፎ የሚገኝ የአንድ ፊደል ልዩነት ነው፤ ከእነዚህ ልዩነቶች ብዙዎቹ በአንዱ ሲ፣ በሌላው ቲ የሆኑ ናቸው። ባይሰልፋይትም ሆነ ኢንዛይሙ ሲን ወደ ቲ ሲቀይር ያን መለያ ያጠፋዋል። ናኖፖር የተባለው የንባብ ዘዴ ግን ዲኤንኤውን ሳይቀይር፣ በሺዎች ፊደል በሚረዝም ቁራጭ፣ ሜቲሉን በቀጥታ ያነባል። ለጤፍ፣ ለአረቢካ ቡና፣ ለስንዴም እርሱን አስቀድማለሁ። ሦስት ማስጠንቀቂያ አለው። ረጅምና ያልተሰባበረ ዲኤንኤ ይፈልጋል፤ በቡና ቅጠል ይህ ቀላል አይደለም። በፒሲአር የተባዛ ዲኤንኤም አይሆንም፣ ቅጂው ሜቲሉን ይዞ አይወጣምና። በሦስተኛው ሰፈር ላይ የሚሰጠውን ንባብም በሌላ ዘዴ ሳታመሳክሩ አትመኑ።

ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ሲወድቅበት አይቻለሁ። በጂኑ አካል ላይ በመጀመሪያው ሰፈር ብቻ የሚታይ ሜቲል ጂኑ ዝም ማለቱን አያሳይም። በብዙ ዕፅዋት እንዲህ ያሉት ጂኖች ሁልጊዜ የሚሠሩት ናቸው። ዝምታን የምትጠረጥሩት ሦስቱም ሰፈሮች አብረው ሲሞሉ ነው፤ በተለይ ፕሮሞተር ላይ ወይም ዘላይ ጂን ላይ ከሆነ።

የቲሹ ካልቸር ሥራ ላይ ያላችሁ፣ እንሰትም ሆነ ሙዝ ወይም ቡና ብታባዙ፣ ያለ ብዙ ማመንታት ሜቲሌሽንን ምረጡ። ምክንያቴ የዘይት ዘንባባ ነው። በቲሹ ካልቸር የተባዙ ዘንባባዎች አንዳንዶቹ አድገው ከዓመታት በኋላ ፍሬያቸው የተበላሸና ዘይት የማይሰጥ ሆኖ ይገኝ ነበር። በ2015 ከማሌዥያ የወጣው ሥራ ምክንያቱን አገኘው፤ በአንድ የአበባ ጂን ውስጥ የተቀመጠ ካርማ የተባለ ዘላይ ጂን ሜቲሉን ማጣቱ ነው። ሜቲሉ ካለ ዛፉ ደህና ነው፣ ከሌለ ፍሬው ይበላሻል። ገበሬው ዓመታት ጠብቆ የሚያየውን በችግኝነቱ ቅጠል ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ስለ ሃይ-ሲ በአጭሩ

ክሮማቲን በሦስት አቅጣጫ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያሳየው ሃይ-ሲ ማራኪ ሥዕል ይሰጣል። በበቆሎ ቲቢ1 የተባለውን ጂን የሚቆጣጠረው ቦታ ከጂኑ 60,000 ፊደል ገደማ ርቆ መገኘቱን ላሰበ ሰው፣ ርቀት የሚያገናኝ ዘዴ ያስፈልጋል ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን በጣም ብዙ ንባብ ይጠይቃል። በእንስሳት የእጥፋት ድንበር የሚያበጀው ሲቲሲኤፍ የተባለ ፕሮቲንም በዕፅዋት ስለሌለ ከዚያ የተቀዳ ትርጓሜ አይሠራም። አዲስ ጂኖም የምትገጣጥሙ ካልሆናችሁ በስተቀር የመጀመሪያ ሙከራችሁ አታድርጉት።

ወደ ጤፉ ስንመለስ

መጀመሪያ ላይ ለጠየቀኝ ተማሪ የምመልሰው ይኸው ነው። ሁለቱ ዝርያዎች በዘር የተለያዩ ስለሆኑ የክሮማቲናቸው ልዩነት የዲኤንኤ ፊደል ልዩነት ጥላ ሊሆን ይችላል። ዝርያን ከዝርያ ብቻ አታነጻጽር፤ በእያንዳንዱ ዝርያ ውስጥ ውሃ ያገኘውን ከተጠማው አነጻጽር። አራት ዓይነት ናሙና ይሆናል፣ እያንዳንዱ በሦስት ድግግሞሽ። ዘዴው ከሥር ወይም ከለጋ ቡቃያ የተሠራ አታክ ይሁን፤ ከዚያው ናሙና አርኤንኤ (ጂን ሲሠራ የሚገለበጠው ቅጂ) ይነበብ፣ ክፍት ቦታው አጠገብ ያለው ጂን መሥራት አለመሥራቱን ሳያዩ መፍረድ አይቻልምና። ገንዘቡ ለዚያ ካልበቃ ድግግሞሹን ሳይሆን ዝርያውን ቀንስ፤ አንድ ዝርያ በሦስት ድግግሞሽ፣ ሁለት ዝርያ በአንድ ድግግሞሽ ከመሥራት እጅግ ይሻላል። ከአታኩ አምስት ስድስት ጥሩ ጂኖች ሲወጡ ኤች3ኬ27ሜ3ን በእነርሱ ላይ በቺፕና በፒሲአር መለካት ቀጣዩ እርምጃ ነው፤ ለዚያ ትልቅ በጀት አይጠየቅም።

ሲተነተን ንባቦቹ በዳቢ ጂኖም ላይ ይቀመጡ። በሁለቱ ንዑስ ጂኖሞች ላይ እኩል የሚገጥሙ ንባቦች አብዛኛውን ጊዜ ይጣላሉ። ስለዚህ በጣም የሚመሳሰሉ ቦታዎች ሜዳ መስለው ይታያሉ፤ ዝግ ናቸው ብሎ ከመጻፍ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ጭራሽ ንባብ መቀመጥ ይችል እንደነበር ማጣራት ያስፈልጋል። ለዚህም ጥንድና ረዘም ያለ ንባብ፣ 150 ፊደል ከየጫፉ፣ ማዘዝ ይጠቅማል።

የተጠማውም ያልተጠማውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይሰብሰብ። የዕፅዋት ጂኖች ቀንና ሌሊትን ተከትለው ይበራሉ ይጠፋሉ፤ አንዱን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሌላውን ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት የሰበሰበ ሰው የሚያየው ድርቅን ሳይሆን ሰዓትን ነው። ከእያንዳንዱ ተክል ሦስት ቱቦ ይወሰድ፤ አንዱ ለኒውክለስ፣ አንዱ ለአርኤንኤ፣ አንዱ ለዲኤንኤ። የሦስተኛው ተራ ዛሬ ባይደርስም ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ −80 ላይ ማስቀመጥ ነው፤ አታኩ ዝግ ብሎ ያለፈው ቦታ ለምን እንደተዘጋ ስንጠይቅ የምንከፍተው እርሱን ነው።